የቦሌ መስታወትና የመካኒሳ ጭቃ

“ጭቃ” የሚለው ቃል በአማርኛችን ብዙ ክብር የለውም። የሰው ስም ሲጠፋ “ጭቃ ተቀባ” እንላለን። ቦሌ አካባቢ ቤት ፍለጋ የዞረ ሰው ደግሞ የደላላን ቋንቋ ያውቀዋል፤ “ቤቱን አትየው፣ ጭቃ ነው፤ የምትገዛው ቦታውን ነው” ይባላል። በዚህ አነጋገር ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ እዚያ ቤት ውስጥ የተወለዱት ልጆችና የተዳሩት ሙሽሮች ሁሉ በአንድ ላይ ተደምረው ዋጋቸው ዜሮ ነው። ከሩዋንዳ እስከ ገርጂ፣ ከሃያ ሁለት እስከ ኮተቤ ስንት ግቢ በዚህ ቋንቋ ተሽጦ፣ ፈርሶ፣ በምትኩ ባለ መስታወት ፎቅ እንደቆመበት ቆጥሮ የጨረሰ ያለ አይመስለኝም።

ይህንኑ ጭቃ ግን የሥራው መነሻ ያደረገ፣ በዓለም ትልልቅ የሥነ ጥበብ መድረኮች ስሙ የሚነሳ የአዲስ አበባ ልጅ አለ፤ ኤልያስ ስሜ። በውጭ አገር ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ከአሮጌ ኮምፒዩተርና ከስልክ ሽቦ በሚሠራቸው ግዙፍ ረቂቅ ሥራዎቹ ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ማተኮር የምፈልገው ግን በሌላው ፊቱ ላይ ነው፤ በጭቃው፣ በጭዱ፣ በክሩና በእንጨቱ። ምክንያቱም ነገሩ የሥዕል አፍቃሪዎች ብቻ ጉዳይ አይደለም። በመስታወት ሕንፃ ውስጥ ተቀምጠን የምንሠራ፣ ለልጆቻችን ቤት ለመሥራት የምንቆጥብ ሰዎች ሁሉ ጉዳይ ነው።

ኤልያስ በ1960 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ ውስጥ ተወልዶ ጨርቆስ ሰፈር ያደገ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1990 ተመርቋል። ዘመኑ የደርግ መጨረሻ ነበር። ሥዕል የሠራተኛውን ክንድና የገበሬውን ማጭድ እንዲያሳይ የሚጠበቅበት ጊዜ መሆኑን የዚያን ጊዜ ፖስተሮች የሚያስታውስ አንባቢ አይዘነጋውም። ኤልያስ የመረጠው መንገድ ግን ሌላ ነበር። መርፌና ክር አነሳ። ቁልፍ፣ ቆርኪ፣ የተጣለ የላስቲክ ጫማ፣ ቀንድ፣ ቆዳና እንጨት ሰበሰበ። ሸራው ላይ ቀለም በመቀባት ፈንታ ክሩን ስፌት በስፌት እያስጠጋ ሞላው። እንዲህ ያለ ሥራ ወራት ይፈጃል፤ እያንዳንዱ ስፌት እንደ አንድ የብሩሽ ጭረት የሚቆጠር ነውና።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ጥያቄ ይነሳል። “አብስትራክት” ወይም በእኛ አጠራር ረቂቅ የሚባለው ሥራ ፊት ስንቆም ብዙዎቻችን “ይሄ ምንድን ነው?” ብለን እንጠይቃለን። ሰው ካልሆነ፣ ፈረስ ካልሆነ፣ የጎንደር ግንብ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? መልሱን ፍለጋ ወደ ፓሪስ ወይም ወደ ኒውዮርክ መሄድ አያስፈልግም። ሳሎናችን ውስጥ ያለውን መሶብ ማየት ይበቃል። መሶቡ ከስንደዶና ከአክርማ የተሰፋ ነው፤ ቀዩ፣ ቢጫውና አረንጓዴው እየተሽከረከረ ይወጣል፣ ይሰፋል፣ ይጠብባል። መሶብ ፊት ቆሞ “ይህ ቀይ መስመር የምን ምስል ነው?” ብሎ የጠየቀ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ቀለሙ ከቀለሙ ጋር፣ መስመሩ ከመስመሩ ጋር መስማማቱን አይተን “እጇ ይባረክ” እንላለን፤ አበቃ። የነጠላ ጥበብም እንዲሁ ነው። ረቂቅ ሥነ ጥበብን፣ ያውም በተፈጥሮ ቁስ የተሠራውን፣ እናቶቻችን ስሙን ሳይጠሩት ሲሠሩት ኖረዋል። እኛ ግን ያንኑ ነገር በፍሬም ተቀምጦ ግድግዳ ላይ ስናየው ባዕድ ሆነብን።

ይህ መራራቅ አዲስ አይደለም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን አገር ተምሮ በ1950ዎቹ አጋማሽ ላይ ሲመለስና ረቂቅ ሥዕሎቹን ሲያሳይ፣ ሥራው ኢትዮጵያዊ አይደለም የሚል ሙግት ገጥሞት ነበር። እስክንድር ቦጎሲያን ደግሞ በተቃራኒው በኩል መጣ፤ ከክታብና ከብራና የወሰደውን ከዘመናዊው ሥዕል ጋር አዋሃደው፤ ኋላም በአሜሪካ ሳለ በዛፍ ልጥ ወረቀት ላይ ጭምር ሠራ። ከእርሱ እግር ሥር ከተማሩት አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ የቀርከሃ ስንጥቆችን ጎን ለጎን እየደረደረ፣ ቆዳም እየጨመረ ሠርቶባቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢዬናሌ ተሸልሟል። ስለዚህ ኤልያስ ከሰማይ የወረደ አይደለም። ቆዳ፣ ቀርከሃና የዛፍ ልጥ ከዘይት ቀለም እኩል መናገር እንደሚችሉ ያሳዩ ሰዎች ከፊቱ ነበሩ። እርሱ የጨመረው ነገር ቢኖር ቁሱን ከግድግዳ ላይ አውርዶ ራሱን ግድግዳ ማድረጉ ነው።

እንዲህ ነው የሆነው። ኤልያስ እና የሥነ ሰብእ ባለሙያና የዐውደ ርዕይ አዘጋጅ የሆነችው መስከረም አሰግድ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ የዞማን የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል አዲስ አበባ ውስጥ መሠረቱ። ቤቱ ራሱ የተሠራው በጭቃና በጭድ ነበር። ግድግዳው ልሙጥ አልነበረም፤ በእጅ የተቀረጸ፣ የሚታጠፍ፣ የሚጠማዘዝ፣ አንዳንዴም ከመሬት የበቀለ የሚመስል ነበር። ሁለቱ ሰዎች በአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች ያለውን ነባር የቤት አሠራር ሲያጠኑ ቆይተው፣ በ2011 ዓ.ም. መካኒሳ ላይ ሰፋ ያለውን የዞማ ሙዚየም ከፈቱ። እዚያ የሥዕል አዳራሽ አለ፣ ቤተ መጻሕፍት አለ፣ የአትክልት ቦታ አለ፣ የልጆች ትምህርት ቤትም በዚያው ተደራጀ። ዋናው ዐውደ ርዕይ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ግድግዳው ነው።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ጭቃ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ ያደግሁት ኮተቤ ውስጥ በጭቃ ቤት ነው፤ ጭቃ ሲረገጥ እግሬን ነክሬ አውቃለሁ። ቤቱ ሲጀመር የባሕር ዛፍ ቋሚ ይተከላል፤ በቋሚው ላይ ማገር አግድም ይመታል። የሚቀጥለው አፈር መምረጥ ነው። በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ከቦሌ እስከ አያት፣ በብዛት የምናገኘው ጥቁሩ መረሬ ለዚህ አይሆንም። ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ፎቅ የሚሠሩ መሐንዲሶችም የሚያማርሩት እርሱን ነው። ስለዚህ ቀይ አፈር በጋሪ ይመጣል። አፈሩ ከውኃና ከጤፍ ጭድ ጋር ተደባልቆ በእግር ይረገጣል፤ ከዚያ ተሸፍኖ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቀመጣል።

አማርኛ ይህን መቀመጥ የሚጠራበት ቃል ራሱ ትምህርት ነው፤ ጭቃው “ይቦካል”። ሊጥ እንደሚቦካው ማለት ነው። ይህም ለአባባል ያህል ብቻ የተሰጠ ስም አይደለም። ጭዱ ውኃው ውስጥ ሲቆይ በከፊል ይበሰብሳል፤ ከእርሱ የሚወጣው የሚያጣብቅ ነገር ከሸክላው አፈር ጋር ተዋሕዶ ጭቃውን ለእጅ ታዛዥ፣ ሲደርቅም ይበልጥ ጠንካራ ያደርገዋል። ያልበሰበሰው የጭድ ዘንግ ደግሞ በኮንክሪት ውስጥ ያለው ብረት የሚሠራውን ሥራ በትንሹ ይሠራል። አፈር ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡት ግን ይበጠሳል። ጭዱ ያንን መሳብ ይሸከምና ግድግዳው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ያደርጋል። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም፤ በላዩ ላይ ሁለተኛው ይመጣል፤ በመጨረሻም ደቃቅ አፈር፣ አንዳንዴም ከእበት ጋር ተለውሶ፣ በመዳፍ ይለሰናል። ጎበዝ መራጊ የጣቱን አሻራ ያጠፋል። ዞማ ላይ የተደረገው ግን ተቃራኒው ነው፤ አሻራው እንዲቀር፣ እንዲሰፋ፣ ምስል እንዲሆን ተፈቀደለት። አፈሩ ሲቦካ የሚሰጠው ልስላሴ ለቀራፂው እጅ ዕድል ከፈተ።

እዚያ ግቢ ውስጥ ሳለሁ ያስተዋልኩት አንድ ነገር አለ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል የግድግዳው እብጠትና ጉድጓድ ሁሉ ጥላ ያወጣል፤ እኩለ ቀን ላይ ዝም ብሎ የነበረው ግድግዳ ያን ጊዜ ሌላ ሥራ ይሆናል። ቀለም አልተቀባበትም፤ ብርሃኑ ነው የሚቀባው።

ታዲያ የሽቦውና የኮምፒዩተሩ ሥራስ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል? ኤልያስ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የሚያገኛቸውን ሽቦዎች፣ የኪቦርድ ቁልፎችና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች እየጎነጎነና እየሸመነ በእንጨት ላይ ይቸነክራቸዋል። በአውሮፕላን ወደ ቦሌ ሲወርድ በመስኮት የተመለከተ ሰው ሥራዎቹን ሲያይ የሚያውቀው ነገር ያገኛል፤ የእርሻ ማሳ፣ ወንዝ፣ ገደል፣ ጎጥ። አንባቢ “ሽቦ የተፈጥሮ ቁስ ነው ወይ?” ሊል ይችላል። መዳቡ ግን ከምድር ተቆፍሮ የወጣ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ያለው ቅንጣት ወርቅም እንዲሁ። በብዙ እጅ፣ በብዙ አገር አልፎ፣ አንድ ጊዜ የሰው ድምፅና ደብዳቤ ተሸክሞ፣ መጨረሻው ምናለሽ ተራ ሆነ። ሠዓሊው ያደረገው ያንን የተረሳ አፈር እንደገና መሬት እንዲመስል ማድረግ ነው። በክሩ፣ በጭቃውና በሽቦው ውስጥ ያለው ዘዴ አንድ ነው፤ ትንሽ ነገርን በትዕግሥት ደጋግሞ ትልቅ ማድረግ።

ዓለምም ተቀብሎታል። እ.ኤ.አ. በ2009 በሳንታ ሞኒካ የጥበብ ሙዚየም መስከረም አሰግድና የቲያትር አዘጋጁ ፒተር ሴላርስ ያሰናዱት ዐውደ ርዕዩ ታየ፤ በዚያው ዓመት ለሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ “ኢዲፐስ ሬክስ” ዝግጅት ዙፋኖችን ሠራ። በ2019 የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም ሸለመው፤ በዚያው ዓመት “ታይትሮፕ” የተሰኘው ዐውደ ርዕዩ በአሜሪካ ዌሊን ሙዚየም ተከፍቶ ወደ ሌሎች ከተሞች ተጓዘ። ለ2020 የሁጎ ቦስ ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ስድስት ዕጩዎች አንዱ ነበር። በ2022 በቬኒስ ቢዬናሌ ዋናው ዐውደ ርዕይ ተሳተፈ፤ በ2023 በእንግሊዝ ብሪስቶል “እርጋታ” በሚል የአማርኛ ስም፣ በ2024 ደግሞ በቬኒስ “ፊት እና ጀርባ” በሚል ርእስ ሥራዎቹን አቀረበ። ርእሶቹን ልብ ይሏል፤ የውጭ ታዳሚ አፉን እያጣመመም ቢሆን በእኛ ቋንቋ እንዲጠራቸው ተደርጓል።

አሁን ወደ ቦሌ እንመለስ። ቢሮዬ ያለው መድኃኔዓለም አካባቢ፣ ከላይ እስከ ታች መስታወት በለበሰ ሕንፃ ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል በእኛ በኩል ያለው ክፍል ይጋላል። መጋረጃ እንዘጋለን፤ ስለዘጋን መብራት እናበራለን፤ ስለሞቀን ቬንቲሌተር እንከፍታለን። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወጥተን ደረጃው ላይ እንቆማለን። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተቀመጠች፣ አየሯ ማቀዝቀዣም ማሞቂያም ብዙ በማያስፈልጋት ከተማ ውስጥ ነው። መስታወት ብርሃኑን ያስገባል፤ ብርሃኑ ወለልና ጠረጴዛ ላይ አርፎ ሙቀት ይሆናል፤ ሙቀቱ ግን በገባበት መንገድ በቀላሉ አይወጣም። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ በአንጻሩ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይጠጣና ማታ ሲበርድ ቀስ ብሎ ይመልሰዋል። እርጥበትንም እንዲሁ ይቀበላል፣ ይለቅቃል። ሲሚንቶ ለማምረት ጥሬ ዕቃው እስከ 1,450 ዲግሪ ሴልሺየስ መቃጠል አለበት፤ ጭቃን የሚያደርቀው የበጋ ፀሐይ ነው።

ይህን ስል ግን አንድ ሐቅ መሸሸግ አልፈልግም። የጭቃ ቤት ፍቅር ለጎብኚ ቀላል ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጣሪያው የሚያፈስበት፣ ከመሬት የሚወጣው እርጥበት ግድግዳውን የሚበላበት፣ ቋሚውን ምስጥ የጨረሰበት የቀበሌ ቤት ነዋሪ ዞማን አይቶ ቢደነቅም፣ ዕጣ የወጣለትን የኮንዶሚኒየም ክፍል በጭቃ ቤት አይለውጥም። አይፈረድበትምም። ገርጂ ላይ በ1996 ዓ.ም. አካባቢ የመጀመሪያዎቹ የሙከራ ኮንዶሚኒየሞች ሲቆሙ የብዙ ሰው ዐይን እዚያ ላይ ያረፈው በከንቱ አልነበረም። የውስጥ ውኃና መጸዳጃ ያለው ቤት መመኘት ዘመናዊነትን ማምለክ አይደለም፤ ሰው መሆን ነው።

ነገር ግን የእነዚያ ቤቶች በሽታ ከጭቃው የመጣ ነው ወይ? የጭቃ ጠላቶች የታወቁ ናቸው፤ ከላይ የሚወርድ ዝናብ፣ ከታች የሚወጣ እርጥበትና ምስጥ። መድኃኒታቸውም እንዲሁ የታወቀ ነው፤ ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት፣ ወጣ ያለ የጣሪያ ክፈፍ፣ የውኃ መውረጃ ቦይና በየዓመቱ የሚታደስ ምርጊት። የቀበሌ ቤት እነዚህን ያጣው በድህነትና ባለቤት በማጣት ነው፤ ተከራዩ ለማደስ ፈቃድ ይጠይቃል፣ አከራዩም ወጪውን አይሸፍንም። ባለቤት ያጣ የኮንክሪት ፎቅም ቢሆን ብዙ ዓመት ሳይቆይ ቧንቧው ያፈሳል፣ ቀለሙ ይላጣል። ማሊ ውስጥ ያለው የጄኔ መስጊድ አሁን ባለው መልኩ እ.ኤ.አ. በ1907 ከጭቃ የተሠራ ነው፤ የቆመው የከተማው ሕዝብ በየዓመቱ ወጥቶ በበዓል አድርጎ ስለሚመርገው ነው። የቡርኪና ፋሶው ፍራንሲስ ኬሬ በተወለደበት በጋንዶ መንደር ከአፈር ጡብ ያሠራው ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቀቀ፤ እርሱም በ2022 በሥነ ሕንፃ ዓለም ትልቁን የፕሪትዝከር ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። እርሱም አፈሩን እንዳለ አልወሰደውም፤ ጥቂት ሲሚንቶ ቀላቀለበት፣ ጣሪያውን ከግድግዳው ከፍ አድርጎ አየር እንዲያልፍ አደረገ፤ የመንደሩም ሰው አብሮ ሠራ።

የኤልያስ ስሜ ሥራ ለእኛ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሁላችንም ጭቃ ቤት እንሥራ አይልም። የሚያደርገው በዐይናችን ላይ ያለውን ሚዛን ማስተካከል ነው። አንድን ቁስ ገና ስሙን ሰምተን “ድሃ ነው” ብለን መፈረድ ስንጀምር፣ ከቁሱ ጋር የነበረውን እውቀትም አብረን እንጥላለን። የትኛው አፈር እንደሚሰነጠቅ፣ ስንት ቀን እንደሚቦካ፣ የትኛው ጭድ እንደሚሻል የሚያውቁት መራጊዎች እኔ በልጅነቴ ሳውቃቸው ጎልማሶች ነበሩ። ዛሬ በሰፈሬ ያሉት አርጅተዋል፤ ልጆቻቸው ብሎኬት ይደረድራሉ፣ ጂፕሰም ይለስናሉ። እውቀቱ በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ በመዳፍ ላይ ነው ያለው። መዳፉ ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

ሥዕል ለማየት ቦሌ ውስጥም አማራጭ ነበረ፤ ማኩሽ ለዓመታት ሥዕል ሲያሳይና ሲሸጥ ኖሯል፣ በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው አዲስ ፋይን አርትም የአገራችንን ዘመናዊ ሠዓሊዎች ለውጭው ገበያ አስተዋውቋል። ስለዚህ ሥዕል ገዝቶ ሳሎን መስቀል ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ሥዕሉ የሚሰቀልበት ግድግዳ ራሱ ከምን ይሠራ የሚለው ነው። ቤት የምትሠሩ አንባቢዎች አርክቴክታችሁን አንድ ነገር ጠይቁት፤ በምዕራብ በኩል ያለውን መስታወት ቢቀንሰውስ? ቢያንስ አንድ ክፍል፣ ወይም የግቢውን አጥር፣ ወይም የልጆቹን መጫወቻ ከአፈር ቢሠራውስ? ምናልባት አይቻልም ይላችሁ ይሆናል። ያን ጊዜ በመኪና ከቦሌ ብዙም የማይርቀውን መካኒሳን ጠቁሙትና ከሰዓት በኋላ፣ ጥላው ሲረዝም፣ ይዛችሁት ሂዱ። ልጆቻችሁንም ውሰዱ፤ ግድግዳውን አይተው “ማን ሠራው?” ከማለታቸው በፊት “በምን ተሠራ?” ብለው ይጠይቁ ይሆናል። መልሱን ከእናንተ መስማታቸው አይከፋም።